ኪንታሮት በሴቶች ላይ፦ ምን ይመስላል? ስንት ዓይነት ነው? ኪንታሮት ያልሆነውስ በምን ይለያል?



በኢንቦክስ በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «ዶክተር፣ ጥያቄው ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን...»። ሶፍት ላይ ደም አይታለች፣ ወይም ስትታጠብ ጣቷን የነካት እብጠት አለ፣ ወይም ከወለደች ወዲህ መቀመጥ አቅቷታል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ፎቶ ልላክልዎት?» የሚል አለ።

እህቶቼ፣ ፎቶ አትላኩ። ለእኔም ለሌላም። አንደኛ፣ ፎቶው በስልካችሁ፣ በቴሌግራማችሁና በኢንተርኔት ማከማቻችሁ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በብዛት የሚደማው የኪንታሮት ዓይነት ከውጭ ስለማይታይ ፎቶው ምንም ላያሳይ ይችላል። ይልቅ ዛሬ ራሳችሁ ያያችሁትን ነገር በትክክል እንድትለዩ፣ ለሐኪምም በሁለት ደቂቃ እንድትነግሩ የሚረዳችሁን ነገር ልጻፍላችሁ።

📌 መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ

በአማርኛ «ኪንታሮት» ብለን የምንጠራው ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ በሽታዎችን ነው።

አንዱ የፊንጢጣ ኪንታሮት (ሄሞሮይድ) ነው። ይህ የደም ሥር እብጠት ነው። አይተላለፍም፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነትም ጋር አይያያዝም።

ሌላው የብልት ኪንታሮት ነው። ይህ ኤችፒቪ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ የቆዳ ላይ ቡግታ ሲሆን በግንኙነት ይተላለፋል። በብልት ብቻ ሳይሆን በፊንጢጣ ዙሪያም ሊወጣ ይችላል፤ በፊንጢጣ በኩል ግንኙነት ባይኖርም እንኳ።

ስም አንድ ስለሆነ ብቻ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው የሚቀቡ ሰዎች አሉ። የብልት ኪንታሮትን የሚያቃጥል መድኃኒት በፊንጢጣ የደም ሥር እብጠት ላይ መቀባት ከባድ ቁስል ያመጣል። ስለዚህ ፋርማሲ ሄዳችሁ «የኪንታሮት ቅባት ስጡኝ» ከማለታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ይታወቅ።

ከዚህ በኋላ «ኪንታሮት» ስል የፊንጢጣውን ማለቴ ነው።

📌 ኪንታሮት ምንድን ነው?

ኪንታሮት የሚሆነው አካል ሁላችንም ጋ አለ። በፊንጢጣ መውጫ ውስጥ በደም ሥር የተሞሉ ሦስት ለስላሳ ትራስ መሳይ ነገሮች አሉ። ሥራቸው ፊንጢጣን ጥብቅ አድርጎ መዝጋት ነው፤ ጋዝም ፈሳሽም ሳናስበው እንዳያመልጠን ያግዛሉ። በሽታ የምንለው እነዚህ ትራሶች ሲያብጡ፣ የያዛቸው ድጋፍ ላልቶ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ወይም ሲደሙ ነው። ከውጭ በኩል በቆዳው ሥር ያሉት የደም ሥሮችም እንዲሁ ሊያብጡና ደም ሊረጋባቸው ይችላል።

ወንዶችንም ሴቶችንም ይይዛል። ሴቶች ላይ ግን ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ፦

👉 እርግዝና፦ በሰውነት ውስጥ ያለው የደም መጠን ይጨምራል፣ እያደገ የሚሄደው ማህፀን የዳሌን ደም ሥሮች ይጫናል፣ የእርግዝና ሆርሞን ደግሞ አንጀትን ያዘገየዋል። በተለይ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ይብሳል።
👉 ምጥ፦ በምጥ ጊዜ ረጅም ሰዓት መግፋት።
👉 የአይረን ኪኒን፦ ለእናትም ለፅንስም በጣም አስፈላጊ ነው፣ ግን ብዙዎችን ሆድ ያደርቃል። አታቋርጡት፤ ድርቀቱን አክሙት።
👉 ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ላለመሄድ መቻል፦ ቢሮ፣ ት/ቤት ወይም ገበያ ላይ ንጹሕ ሽንት ቤት ስለሌለ ስንት ሴት ነው ውሃ ሳትጠጣ የምትውለው? ሰገራ በቆየ ቁጥር ይደርቃል፣ በደረቀ ቁጥር ያስምጣል።

📌 ዓይነቶቹና መልካቸው

በፊንጢጣ ውስጥ አንድ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ያለው ቦታ የህመም ስሜት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ግን እንደ ማንኛውም ቆዳ በጣም ያማል። ይህን ካወቃችሁ ቀሪው ቀላል ነው።

1. ውስጠኛ ኪንታሮት

ከመስመሩ በላይ ነው። ዋና ምልክቱ ህመም የሌለው ደማቅ ቀይ ደም ነው። ሶፍት ላይ ይታያል፣ ከሰገራው በኋላ ጠብ ጠብ ይላል፣ ወይም ሳህኑን ያቀላዋል። በ4 ደረጃ እንከፍለዋለን፦

• ደረጃ 1፦ ይደማል፣ ግን ወደ ውጭ አይወጣም። በመስታወት ብታዩም ምንም አይታይም።
• ደረጃ 2፦ ስታምጡ ብቅ ይላል፣ ስትጨርሱ ራሱ ይመለሳል።
• ደረጃ 3፦ ይወጣል፣ በጣት ካልተገፋ አይመለስም።
• ደረጃ 4፦ ወጥቶ ይቀራል፣ ቢገፋም አይመለስም።

ወደ ውጭ ሲወጣ መልኩ እንደ ከንፈር ውስጠኛ ክፍል ነው፤ እርጥብ፣ ለስላሳ፣ ሮዝ ወይም ቀይ። አንዳንዴ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ስለሚያወጣ ፓንት ያረጥባል፣ ያሳክካል።

2. ውጫዊ ኪንታሮት

ከመስመሩ በታች፣ በፊንጢጣ አፍ ዙሪያ፣ በቆዳ የተሸፈነ እብጠት ነው። ጎግል ላይ የምታዩት ምስል አብዛኛው የነጭ ቆዳ ስለሆነ ቀይ ወይም ሮዝ ይመስላል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የዙሪያውን ቆዳ መልክ ይይዛል፤ ጠይም ወይም ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ እብጠት። ያሳክካል፣ ለመጽዳት ያስቸግራል፣ ረጅም ሰዓት ስትቀመጡ ይከብዳል።

3. ደም የረጋበት ውጫዊ ኪንታሮት

ይኼኛው በድንገት ነው የሚመጣው። ትናንት ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ከአተር እስከ ወይን ፍሬ የሚያህል ጠጣር ጉብታ ይወጣል፤ ወደ ሰማያዊ ወይም ጥቁር የሚያደላ፣ ሲነኩት የሚያስጮህ። በጣም የሚያመው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ነው፤ ከዚያ በ1 ወይም 2 ሳምንት ውስጥ ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። አንዳንዴ ራሱ ፈንድቶ ጠቆር ያለ የረጋ ደም ያወጣል። ህመሙ ከባድ ከሆነና በ3 ቀን ውስጥ ከመጣችሁ ሐኪም ቦታውን አደንዝዞ ሊያወጣው ይችላል። እባካችሁ በመርፌም በምላጭም ቤት ውስጥ አትንኩት።

4. ቅልቅል

ውስጠኛውም ውጫዊውም አንድ ላይ ሲሆን። በተደጋጋሚ የወለዱ እናቶች ላይ እናየዋለን።

5. የቆዳ ቅሪት

እብጠቱ ከጠፋ በኋላ የተንጠለጠለች ትንሽ ለስላሳ ቆዳ ልትቀር ትችላለች። አታምም፣ አትደማም፣ ወደ ካንሰርም አትቀየርም። ለንጽሕና ካላስቸገረች ሕክምና አያስፈልጋትም።

📌 ኪንታሮት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ክፍል ነው። «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ዓመታት የሚቆይ ነገር ሁልጊዜ ኪንታሮት አይደለም።

✔ የፊንጢጣ መሰንጠቅ፦ ሰገራ ሲወጣ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ከዚያ በኋላም ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ያቃጥላል። ደሙ ትንሽ ነው። ከድርቀትና ከወሊድ በኋላ የተለመደ ነው። ህመሙ ዋናው ነገር ከሆነ ከኪንታሮት በፊት ይህን አስቡ።

✔ መግል የያዘ እብጠት፦ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል፣ በየቀኑ ይብሳል፣ ትኩሳት ሊኖረው ይችላል። ይህ ቅባት አይፈልግም፤ መግሉ በቶሎ መውጣት አለበት። ከዳነ በኋላ መግል የሚያንጠባጥብ ትንሽ ቀዳዳ ከቀረ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል።

✔ የብልት ኪንታሮት፦ ሻካራ፣ ብዙ ትናንሽ፣ አበባ ጎመን የሚመስል ቡግታ። ጠፍጣፋና እርጥብ ከሆነ ደግሞ የቂጥኝ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

✔ የማህፀን መውጣት፦ እብጠቱ የሚወጣው ከፊንጢጣ ሳይሆን ከብልት በኩል ነው። ብዙ እናቶች «ከታች አንድ ነገር ይወጣብኛል» ብለው ብቻ ስለሚናገሩ ከኪንታሮት ጋር ይምታታል። ቀን ሙሉ ቆማችሁ ስትውሉ ወይም ከባድ ስትሸከሙ ይብሳል፣ ስትተኙ ይቀላል።

✔ የአንጀት መውጣት፦ አንጀቱ ራሱ ተገልብጦ ሲወጣ ነው። ኪንታሮት ለየብቻ ያሉ ጉብታዎች ሲመስል፣ ይኼኛው በክብ ቀለበት የተደራረበ ሥጋ ይመስላል።

✔ ካንሰር፦ የፊንጢጣና የአንጀት መጨረሻ ካንሰርም ይደማል። ጠጣር፣ የማይድን ቁስል ወይም እያደገ የሚሄድ ጉብታ ሊሆን ይችላል። በየጊዜው የሚደማን ነገር «ኪንታሮቴ ነው» ብሎ መተው የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

📌 ደሙ ከየት ነው?

ሴቶች ላይ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ደም የሚወጣበት ቦታ ከአንድ በላይ ነውና። ግራ ከገባችሁ ሽንት ቤት ከተጠቀማችሁ በኋላ ከፊትና ከኋላ በተለያየ ሶፍት ጥረጉና የትኛው ላይ እንዳለ እዩ። ሰገራ ስትወጡ ብቻ ነው የሚደማው? ወይስ ሞዴስ ላይም ይታያል?

• የወር አበባ ከቆመ 1 ዓመት ካለፈ በኋላ ከብልት የሚመጣ ማንኛውም ደም፣ እንዲሁም ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም የኪንታሮት ጉዳይ አይደለም። የማህፀንና የማህፀን በር ምርመራ ያስፈልገዋል። የማህፀን በር ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ካንሰር ነው። ደም ባይኖርም ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጉ።
• አይረን የምትወስዱ ከሆነ ሰገራ ጠቆር ማለቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅና በጣም የሚሸት ከሆነ ከጨጓራ አካባቢ የሚመጣ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

📌 እነዚህን ካያችሁ ቤት አትቆዩ

🔴 ደሙ ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ
🔴 የሰገራ ልማዳችሁ ከተቀየረ (ለሳምንታት የቆየ ድርቀት፣ ተቅማጥ ወይም እንደ እርሳስ የቀጠነ ሰገራ)
🔴 ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሳችሁ
🔴 ዕድሜያችሁ ከ45 በላይ ሆኖ ደም ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ፣ ወይም በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ
🔴 የወጣው ኪንታሮት አልመለስ ብሎ በጣም ካበጠ፣ ከጠቆረና ካመመ (ደም መታነቅ ሊሆን ይችላል፣ አስቸኳይ ነው)
🔴 ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሽንት መሽናት ካቃታችሁ
🔴 ደሙ ብዙ ከሆነ፣ ካዞራችሁ ወይም ራስ ካሳታችሁ
🔴 በቤት ውስጥ እንክብካቤ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ካልተሻላችሁ

አንድ ተጨማሪ፦ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚወጣ ደም ይደመራል። በየወሩ የወር አበባ አለ፣ እርግዝና አለ፣ በላዩ ላይ ኪንታሮት ሲጨመር የደም ማነስ ይከተላል። ደረጃ ስትወጡ የሚያለከልካችሁ፣ ልብ የሚመታባችሁ፣ ከእንቅልፍ ስትነሱም የሚደክማችሁ ከሆነ ሄሞግሎቢናችሁን ተለኩ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለእርጉዝ ደግሞ ከ11 በታች ከሆነ የደም ማነስ እንላለን።

📌 ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

ደረጃ 1 እና 2 የሆነ ኪንታሮት አብዛኛው በዚህ ይሻሻላል፦

✅ ውሃ በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ፣ የልብና የኩላሊት ችግር ከሌለባችሁ። በጾም ወቅት ምግባችን አሰር የበዛበት ነው፣ ጥሩ ነው፤ ግን ውሃ ካላገኘ አሰሩ ራሱ ይደርቃል። ከጾሙ ሰዓት በኋላ ውሃውን አካክሱ።
✅ የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ አጃ፣ በሶ፣ ፓፓያ፣ ተልባ። ፓስታ፣ ሩዝና ነጭ ዳቦ ብቻ የሚፈራረቅበት ሳምንት ግን ለኪንታሮት ሠርግ ነው።
✅ ሰገራ ሲመጣ አታቆዩት። ካልመጣ ደግሞ አታምጡ።
✅ ስልካችሁን ውጭ ትታችሁ ግቡ! 5 ደቂቃ ይበቃል። ቲክቶክ እያያችሁ 20 ደቂቃ ስትቀመጡ የፊንጢጣ ደም ሥሮች ያን ሁሉ ጊዜ እንደተወጠሩ ናቸው።
✅ የፈረንጅ ሽንት ቤት ከሆነ እግራችሁን ትንሽ በርጩማ ላይ አድርጉ።
✅ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ አድርጋችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀመጡ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ጨው፣ ዴቶል፣ ሎሚ አያስፈልግም፤ ያቃጥላል።
✅ በሻካራ ሶፍት ከመፈግፈግ በውሃ ታጥቦ ቀስ ብሎ ማድረቅ ይሻላል።

ለህመም ፓራሲታሞል ይሆናል። ትራማዶልና ኮዴይን ሆድ ስለሚያደርቁ ችግሩን ያብሳሉ። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ደግሞ ከ1 ሳምንት በላይ አትጠቀሙ፤ ቆዳውን ያሳሳዋል።

«በርበሬና ሚጥሚጣ ያመጣዋል?» አያመጣውም፤ ቁስል ወይም ስንጥቅ ካለ ግን ሊያቃጥል ስለሚችል ለጊዜው ቀነስ አድርጉ። «ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ መቀመጥስ?» እሱም ኪንታሮት አያመጣም።

📌 ለእርጉዞችና ለአራሶች

በእርግዝና የመጣ ኪንታሮት ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ብዙ ጊዜ እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ አንቸኩልም። ላክቱሎስ የሚባለው ሰገራ የሚያለሰልስ ሽሮፕ ለእርጉዝም ለምታጠባም ይሆናል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን እርጉዝ ሆናችሁ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አትውሰዱ። ኮሶና ሌሎች ሆድ የሚያጥቡ ነገሮችንም እንዲሁ።

አራስ ቤት ውስጥ ገንፎው፣ ቅቤውና ሥጋው በፍቅር ነው የሚመጣው፤ ጎመንና ፍራፍሬ ግን ይረሳል። እናቶቻችን፣ አክስቶቻችን፦ ከገንፎው ጎን ጎመን፣ ፓፓያ፣ አጥሚትና ብዙ ውሃ ጨምሩልን። ጡት የምታጠባ እናት ውሃ በጣም ያስፈልጋታል። ከወለደች በኋላ ስፌቱ እንዳይፈታ ፈርታ ሰገራዋን የምትይዝ አራስም አለች፤ ሰገራው ለስላሳ ከሆነ ስፌቱ አይፈታም፣ ይልቅ መያዙ ነው ጣጣ የሚያመጣው።

📌 «ኪንታሮት እናደርቃለን» የሚለው ማስታወቂያ

በየስልክ እንጨቱ ላይ አይታችሁታል። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ በድብቅ ስለሚያልቅለትና ማንም ስለማይጠይቀው ነው። አደጋው ግን ሁለት ነው። በሚያቃጥል ነገር ሲነካ ቦታው ሊመረቅዝ፣ በጠባሳ ሊጠብ፣ ወይም ሰገራን የሚቆጣጠረው ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማንም ውስጡን ሳያይ ካንሰር የሆነው ነገር «ኪንታሮት» ተብሎ ወራት ማለፋቸው ነው።

ሐኪም ቤት ያለው ሕክምና ከምታስቡት ይቀላል። ለውስጠኛው፣ እስከ ደረጃ 3 ድረስ፣ ሥሩን በትንሽ ላስቲክ ማሰር ይቻላል፤ በቀናት ውስጥ ደርቆ ይወድቃል፣ ማደርም አያስፈልግም። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ለከበደ ደረጃ 3 እና ለደረጃ 4፣ ወይም ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ለእምቢ ላለ ነው።

📌 ምርመራው እንዴት ነው?

ብዙዎቻችሁን የሚያስቀራችሁ ይህ ፍርሃት ስለሆነ በግልጽ ልናገር። በጎን ትተኛላችሁ፣ ጉልበታችሁን ወደ ደረት ትሰበስባላችሁ፣ በአንሶላ ትሸፈናላችሁ። ሐኪሙ ከውጭ ያያል፣ በጓንትና በማለስለሻ በአንድ ጣት ይመረምራል፣ ካስፈለገ በአጭር ቱቦ ውስጡን ያያል። ጥቂት ደቂቃ ነው። «ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ» ወይም «እህቴ አብራኝ ትግባ» ማለት ነውር አይደለም። በጣም ካመማችሁ «አቁሙ» ማለትም ትችላላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ መቼ ጀመረ? ያማል ወይስ አያምም? ደሙ ምን መልክ አለው፣ ከሰገራው ጋር ተቀላቅሏል? የሚወጣ ነገር ካለ ራሱ ይመለሳል? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ፣ እርጉዝ ነሽ? ቃሉ ካፈሯችሁ ጽሑፉን ለሐኪሙ አሳዩት። እኛ በቀን ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር ነው፤ ማንም አይገረምባችሁም።

ለማጠቃለል፦ ህመም የሌለው ደማቅ ደም ውስጠኛ ኪንታሮትን፣ ድንገተኛ የሚያም ጠጣር ጉብታ የረጋ ደምን፣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ህመም መሰንጠቅን ያስጠረጥራል። ግን መጠርጠር እንጂ ማረጋገጥ አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ በባለሙያ ይታይላችሁ፤ ኪንታሮት ከሆነም ኪንታሮት መሆኑን አውቃችሁ በሰላም ትተኛላችሁ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ጥያቄያችሁን ያለ ፎቶ ጻፉልኝ። ለእናታችሁ፣ ለእህታችሁ፣ ለአራስ ጓደኛችሁ በውስጥ መስመር ሼር አድርጉላት፤ ምናልባት ለማን እንደምትነግር ጨንቋት ይሆናል።

ጤናችሁ ይብዛ!